ሮቦት በሱቅ፣ በታክሲና በቤት፦ ከመፈረምዎ በፊት ሂሳቡን ይሥሩ

በዌስት ግሪን ሮድ፣ በሰቨን ሲስተርስና በቶተንሃም ሃይ ሮድ ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ እንዲሁም በታክሲ ሥራ የተሠማራችሁ ወገኖች ከግብርና ከቪዛ ቀጥላችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ስለ ሮቦት ሆኗል። ባለምግብ ቤቱ «ሳህን የሚያመላልስ ሮቦት በወር ኪራይ እንስጥህ ብለውኛል፤ ልውሰድ ወይ?» ይላል። ባለታክሲው ደግሞ «ሾፌር የሌለው መኪና ለንደን ሊገባ ነው እየተባለ እኔ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና በአምስት ዓመት ብድር መግዛቴ ሞኝነት አይደለም ወይ?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ግን በማስታወቂያ ላይ ሳይሆን በሂሳብ ደብተር ላይ ነው የሚገኘው። ከዚህም በላይ ዕቃው የሚገዛበት ዓመት የትዳር ጓደኛን ለማምጣት ከሚቀርብ የቪዛ ማመልከቻ ጋር ከተጋጨ የሚደርሰው ጉዳት ከገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገልግሎት ሮቦት ማለት ምን ማለት ነው?

«ሮቦት» የሚለው ቃል የመጣው ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 ከጻፈው ተውኔት ነው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ገበሬ ለባለመሬቱ በግዴታ የሚሠራው ነፃ ጉልበት ነው፤ በእኛ አገር ሁዳድ ይባል የነበረው ዓይነት መሆኑ ነው።

በዛሬው አጠራር ሮቦቶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በፋብሪካ ውስጥ መኪና የሚበይድ፣ ዕቃ የሚገጣጥም የኢንዱስትሪ ሮቦት ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ ውጭ ለሰው አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ ወለል ይጠርጋል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ ሳር ያጭዳል፣ ሐኪምን ይረዳል። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። ከተራ ማሽን የሚለየውም በካሜራና በመለኪያ መሣሪያ ዙሪያውን እያየ በተወሰነ ደረጃ ራሱ መወሰኑ ነው። የቡና መፍጫ ሰው ከፊቱ ቢቆም አያውቅም፤ ሳህን አመላላሹ ሮቦት ግን ይቆማል፣ ወይም ዞሮ ያልፋል።

የት የት እየሠራ ነው?

በመጋዘን። ሮቦት በእርግጥ ገንዘብ የቆጠበበት ቦታ መጋዘን ነው። አማዞን በ2012 ኪቫ የተባለውን ሮቦት ሠሪ ድርጅት በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2025 በመጋዘኖቹ ያሉት ሮቦቶች ከ1 ሚሊዮን ማለፋቸውን አስታውቋል። በእኛው ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ኤሪት በሚገኘው የኦካዶ መጋዘን ውስጥ ሮቦቶች እንደ ዳማ ገበታ በተሠራ መደርደሪያ ላይ እየተሽከረከሩ የሱፐርማርኬት ትእዛዝ ይለቅማሉ። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2021 በዚያው መጋዘን ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሥቷል። ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን አደጋ በኢንሹራንስና በካፒታል ይችለዋል። የአንድ ሱቅ ባለቤት ግን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

በመንገድ ላይ። ስታርሺፕ የተባለው ድርጅት ስድስት ጎማ ያላቸው ትንንሽ ሮቦቶቹን ከ2018 ጀምሮ በሚልተን ኪንስ አሰማርቶ የኮ-ኦፕ ሱቆችን ዕቃ እስከ ደንበኛ በር ያደርሳል። ለምን ሚልተን ኪንስ ተመረጠ? ከተማዋ በ1960ዎቹ መጨረሻ በዕቅድ የተቆረቆረች፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ከመኪና የተለየ ሰፊ መንገድ ያላት ስለሆነች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሃይ ሮድን የእግረኛ መንገድ ያየ ሰው ያው ሮቦት እዚህ ለምን ቶሎ እንደማይመጣ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

በሆስፒታል። «ሮቦት ቀዶ ሕክምና አደረገ» ሲባል ማሽኑ ብቻውን ሠራ ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ከአጠገቡ ተቀምጦ የሮቦቱን እጆች ያንቀሳቅሳል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በ2023/24 በሮቦት የታገዘው ቀዶ ሕክምና 70,000 ያህል እንደነበረና በ2035 በዓመት ወደ 500,000 ለማድረስ ማቀዱን በ2025 ገልጿል።

በአረጋውያን እንክብካቤ። ብዙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። መንግሥት ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ የእንክብካቤ ሠራተኞችን ከውጭ አገር በቪዛ መቅጠርን ከዘጋ ወዲህ «ቦታውን ሮቦት ሊይዘው ነው» የሚል ወሬ አለ። በጃፓን የተሠራውና አቆስጣ የሚመስለው ፓሮ የተባለው ሮቦት የማስታወስ ችግር ያለባቸውን አረጋውያን ለማጽናናት ያገለግላል። ሰውን የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ ደግፎ የሚያነሣ ሮቦት ግን የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛን ቦታ አልያዘም። ስለዚህ በዚህ መስክ ያላችሁ ሰዎች በወሬ ሥራችሁን አትልቀቁ።

በቤት። ሩምባ የተባለው የወለል መጥረጊያ ሮቦት በ2002 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በየአገሩ ሚሊዮኖች ገዝተውታል። ነገር ግን ሠሪው አይሮቦት ድርጅት በታኅሣሥ 2025 በአሜሪካ የኪሳራ ጥበቃ ሕግ ሥር ገብቶ ለቻይናዊው አምራቹ ሊተላለፍ ግድ ሆኗል። ከዚህ የምንማረው፣ የዛሬ ሮቦት ከሠሪው ኮምፒውተር ጋር እየተገናኘ የሚሠራ መሆኑን ነው። ሠሪው ከተቸገረ የገዢው ዕቃም አብሮ ሊቸገር ይችላል።

በሱቅና በሆቴል የታየው ትምህርት

ሻጮች የማይነግሯችሁን ሦስት ታሪኮች ላንሣ።

አንደኛው በ2018 መጀመሪያ የተሰማ ነው። በኤድንበራ ከተማ ማርጆታ የተባለው የአንድ ቤተሰብ ሱቅ፣ ከሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ሙከራ «ፋቢዮ» የተባለ ሮቦት ደንበኛ እንዲቀበል አቆመ። ደንበኛ ቢራ የት እንዳለ ሲጠይቀው «የአልኮል መጠጥ ክፍል ውስጥ» ብሎ ይመልሳል፤ ክፍሉ የት እንደሆነ ግን አያሳይም። በሱቁ ጫጫታም የሰው ንግግር አልሰማ አለው። ቀጥሎ የሥጋ ቅምሻ እንዲያቀርብ ተደረገ። የሰው ሠራተኛ በ15 ደቂቃ 12 ደንበኛ ሲያቀርብ ሮቦቱ 2 ብቻ አቀረበ፤ በሳምንቱም ከሥራ ተሰናበተ።

ሁለተኛው የጃፓን ነው። በ2015 የተከፈተውና በሮቦቶች የሚሠራው ሄን-ና ሆቴል በ2019 ከ243 ሮቦቶቹ ከግማሽ በላይ አስወገደ። በየክፍሉ የተቀመጠው አሻንጉሊት መሰል ሮቦት የእንግዳውን ማንኮራፋት እንደ ጥያቄ እየቆጠረ እንቅልፍ ይነሣ ነበር። ሥራ ይቀንሳል የተባለው መሣሪያ ለሠራተኞች ሌላ ሥራ ጨመረ።

ሦስተኛው የአሜሪካው ዋልማርት ነው። መደርደሪያ እየዞሩ የሚቃኙ ሮቦቶችን በ500 ያህል ሱቆች ካስገባ በኋላ በ2020 ውሉን አቋረጠ። ሠራተኞቹ ለሌላ ሥራ በሱቁ ውስጥ ሲዘዋወሩ ያንኑ ነገር ማየት ይችሉ ነበርና።

የመለዋወጫ ነገርም አይረሳ። ከፊል ሶፍትዌሯ በአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ የተሠራላት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2018 ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ፣ የአካሏን ክፍል የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ቀርቶ የጋዜጣ መግለጫዋ ተሰርዟል። ለሶፊያ የቀረው አንድ መግለጫ ነው። ለምግብ ቤት ግን ሮቦቱ ከቻይና መለዋወጫ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቢቆም ኪራዩ አይቆምም።

በአንጻሩ ማሽን የሚያዋጣበትን ቦታ ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ2019 የተከፈተው የቶተንሃም ስታዲየም 62,850 ሰው ይይዛል። ሦስት ቦታ ተከፍሎ ከመቀመጫው ሥር የሚገባ ሜዳ አለው፤ ቢራው ደግሞ ከብርጭቆው ታች በኩል በማሽን ይሞላል። በእረፍት ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ብርጭቆ ስለሚሸጥ ማሽኑ ዋጋውን ይመልሳል። ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ተመሳሳይ ሥራ፣ በብዛት፣ በተስተካከለ ወለል ላይ። ሦስቱ ካልተሟሉ ሰው ይሻላል።

ሂሳቡን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል ሳህን አመላላሽ ሮቦት በወር በ500 ፓውንድ ለ36 ወራት ተከራዩ እንበል። ጠቅላላው 18,000 ፓውንድ ነው። ጥያቄው «500 ፓውንድ ብዙ ነው ወይ?» ሳይሆን «ስንት የሰው ሰዓት ይቀንስልኛል?» ነው።

ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ሠራተኛ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 12.71 ፓውንድ ነው። የዓመት እረፍት ክፍያና ጡረታ ሲጨመር በግምት ወደ 14.50 ፓውንድ ይደርሳል። 500ን ለ14.50 ብናካፍል 34 ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል፤ በሳምንት 8 ሰዓት መሆኑ ነው። የአሠሪ ናሽናል ኢንሹራንስ ከ5,000 ፓውንድ ደመወዝ በላይ 15 በመቶ ነው፤ ሆኖም በዓመት እስከ 10,500 ፓውንድ የሚደርሰው የአሠሪ ቅናሽ ብዙዎቹን ትንንሽ ሱቆች ስለሚሸፍን እዚህ አላስገባሁትም።

እንግዲህ ሮቦቱ በየሳምንቱ 8 የተከፈለባቸው ሰዓቶችን በእርግጥ ካልቀነሰ ኪሳራ ነው። «አስተናጋጇ ብዙ አትደክምም» ማለት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያው ሰዓት ከተከፈላት ወጪው አልቀነሰም። ሠራተኛ ለመቀነስ ካሰቡም 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ ሥራው ተሰርዞ ሲሰናበት ሕጋዊ ካሳ እንደሚገባው አይርሱ። ያንንም በሂሳቡ ውስጥ ያስገቡ።

አንዳንዱ «ሮቦት የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም» ብሎ ይቀልዳል። እውነት ነው፤ ከየካቲት 2024 ወዲህ ፈቃድ የሌለው ሰው ያሠራ ነጋዴ ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሠራተኛ እስከ 45,000 ፓውንድ ይቀጣል። ነገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ሮቦት መግዛት አይደለም። ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰነዱን በሆም ኦፊስ ድረ ገጽ በትክክል መርምሮ ማስረጃውን ማስቀመጥ ነው፤ ይህም ገንዘብ አያስከፍልም።

ግብሩና የቪዛው ወጥመድ

ሮቦቱን ከገዙት ለንግድ መሣሪያ በሚፈቀደው ዓመታዊ የኢንቨስትመንት ቅናሽ መሠረት ዋጋውን በሙሉ በአንድ ዓመት ከትርፍ ላይ መቀነስ ይቻላል። ጣሪያው በዓመት 1 ሚሊዮን ፓውንድ ስለሆነ ለእኛ ዓይነቱ ንግድ ከበቂ በላይ ነው። ከተከራዩ ደግሞ ኪራዩ እንደ ማንኛውም ወጪ በየጊዜው ይቀነሳል። ቫት ውስጥ ከተመዘገቡ የከፈሉትን ቫት ያስመልሳሉ። ጠቅላላ ሽያጭዎ ከ90,000 ፓውንድ በታች ሆኖ ካልተመዘገቡ ግን ሻጩ «ያለ ቫት» ብሎ የሚነግርዎ ዋጋ የእርስዎ ዋጋ አይደለም፤ 20 በመቶውን ጨምረው ያስቡ።

ሻጩ «መንግሥት ይመልስልሃል» ቢልዎ ይህን ምሳሌ ያስታውሱ። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው 9,000 ፓውንድ አውጥቶ ሮቦት ቢገዛ፣ በ20 በመቶ ገቢ ግብርና በ6 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ ሂሳብ የሚቆጥበው 2,340 ፓውንድ ነው። 6,660 ፓውንዱ ከራሱ ኪስ የወጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ እንምጣ። ይኸው ነጋዴ ባለቤቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ሊያመለክት ነው እንበል። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አዲስ አመልካች በዚህ መንገድ እንዲያሳይ የተጠየቀው ዓመታዊ ገቢ 29,000 ፓውንድ ነው። በግል ስም ለሚነግድ ሰው ሆም ኦፊስ የሚያየው ሽያጩን ሳይሆን በግብር መግለጫው ላይ የሚታየውን ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ነው። ከግብር ነፃ የተደረገ ቅናሽ እንደ ገቢ አይቆጠርም። የነጋዴው ትርፍ 33,000 ፓውንድ ቢሆን መስፈርቱን ያሟላል። ነገር ግን በዚያው የግብር ዓመት 9,000 ፓውንዱን በሙሉ ከቀነሰ ትርፉ 24,000 ይሆንና ከመስፈርቱ በታች ይወርዳል። 2,340 ፓውንድ ለመቆጠብ ብሎ ሚስቱን ተጨማሪ ዓመት ያስጠብቃል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው መደበቅ ወይም ደብተር ማጣመም አይደለም፤ ያ ወንጀል ነው፣ ቪዛውንም ያስከለክላል። ሕጉ ራሱ በር ከፍቷል። ቅናሹን በሙሉ መጠየቅ ግዴታ ስላልሆነ ከፊሉን ብቻ መውሰድ፣ ቀሪውንም በሚቀጥሉት ዓመታት ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል። ሂሳብዎ በካሽ ቤዚስ ማለትም በገባና በወጣ ገንዘብ የሚያዝ ከሆነ ግን የመሣሪያው ዋጋ በተከፈለበት ዓመት እንደ ወጪ ስለሚገባ፣ ያንን አያያዝ መለወጥ እንዳለብዎ መግለጫው ከመላኩ በፊት ከሂሳብ ሠራተኛዎ ጋር ይነጋገሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግዢውን ማመልከቻው ከሚመሠረትበት ዓመት በኋላ ማድረግ ነው። ሊሚትድ ካምፓኒ ላላቸው ደንቡ የተለየ ነው። እኔ የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ የማመልከቻውን ነገር በሕግ ከተመዘገበ የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ከሶሊሲተር ጋር ጨርሱ፤ ሁለታችንን ግን በአንድ ጊዜ አማክሩን።

ለባለታክሲዎች

ሾፌር የሌለው መኪናም የአገልግሎት ሮቦት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ እናንተን የሚነካው እርሱ ነው። በግንቦት 2024 የጸደቀው የራስ ነጂ ተሽከርካሪዎች አዋጅ ለእነዚህ መኪናዎች ሕጋዊ መንገድ ከፍቷል። በሰኔ 2025 መንግሥት የሙከራ አገልግሎቱ ወደ 2026 ጸደይ እንዲቀደም ወሰነ። ኡበር ከለንደኑ ዌይቭ ጋር፣ የአሜሪካው ዋይሞ ደግሞ በራሱ፣ በለንደን ለመሥራት ማቀዳቸውን በ2025 አስታወቁ። በለንደን እንዲህ ያለ የታክሲ አገልግሎት ለመስጠት የቲኤፍኤል ስምምነት ያስፈልጋል።

ወሬው ባዶ አይደለም፤ በፊኒክስ ከተማ ዋይሞ ያለ ሾፌር ሕዝብ ማጓጓዝ ከጀመረ ከ2020 ወዲህ ነው። የፍጥነቱን ተስፋ ግን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። የጄኔራል ሞተርስ ንብረት የነበረው ክሩዝ በጥቅምት 2023 በሳን ፍራንሲስኮ አንዲት እግረኛን ጎትቶ ካቆሰለ በኋላ ፈቃዱ ታገደ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የሮቦት ታክሲውን ሥራ ተወው። መኪናው ያለ ሾፌር ቢሄድም የሚያጥበው፣ የሚሞላው፣ ሲቸገር ከሩቅ የሚረዳው ሰው አለ፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚኒካብ ፈቃድ የሚቀርብ መኪና ከጭስ ነፃ መሄድ የሚችል መሆን ስላለበት ብዙዎቻችሁ ወደ ከባድ ብድር ገብታችኋል። ምክሬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የብድሩ ዘመን ባጠረ ቁጥር አደጋው ያንሳል። የወር ክፍያው ስለቀነሰ ብቻ ስድስትና ሰባት ዓመት አይፈርሙ። በመጨረሻ ትልቅ ክፍያ የሚጠይቅ ውል ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ መኪናው ምን ያህል እንደሚያወጣ ማንም ዋስ አይሆንልዎትም።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ የማይወስደውን ሥራ ይያዙ። ዊልቼር ያለበት ተሳፋሪ፣ ሻንጣው ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድለት ቤተሰብ፣ ከበር እስከ በር ደግፈው የሚወስዷቸው እናት፣ በካውንስል ውል ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፤ እነዚህ ሰው ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፣ የሮቦቱ ቅናሽ ያመጣው የቪዛ ወጥመድ በመኪናም አለ። ለአዲስ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋውን በአንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ የመቀነስ መብት ተሰጥቶ ቆይቷል፤ የ30,000 ፓውንድ መኪና የዓመቱን ትርፍ ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። በማይል ሂሳብ የሚሠሩ ከሆነ ግን ይህ ቅናሽ አይመለከትዎትም።

አራተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ ጊዜ ያለው ከሆነ የታክሲ ፈቃድዎም ከእርሱ አያልፍም። የመኖሪያ ፈቃድዎን በጊዜው ያሳድሱ። በቢሮ ቸልተኝነት የጠፋ ፈቃድ ሮቦት ከሚወስደው ደንበኛ የበለጠ ያከስራል።

ከመፈረምዎ በፊት

ለንግድ የሚፈርም ሰው፣ ለተራ ሸማች እቤት ወይም በስልክ ሲገዛ የሚሰጠው የ14 ቀን ሐሳብ የመቀየር መብት የለውም። ስለዚህ ከፊርማ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

1. ውሉ ስንት ወር ነው? አቋርጬ ብወጣ የቀረውን ሁሉ እከፍላለሁ ወይ? በማብቂያው ካላሳወቅሁ ራሱ ይታደሳል ወይ?
2. ውሉ ከሻጩ ጋር ነው ወይስ ከሌላ ፋይናንስ ድርጅት ጋር? ሻጩ ቢዘጋም ክፍያው ሊቀጥል ይችላልና።
3. የግል ዋስትና ይጠየቃል ወይ? ካምፓኒው ቢከስር ቤትዎ የሚነካው በዚህ ነው።
4. ቢበላሽ በስንት ቀን ይጠገናል? በሚጠገንበት ጊዜ ኪራዩ ይቆማል ወይ?
5. ኢንሹራንስዎ ሮቦቱ ሰው ቢገጭ ወይም ባትሪው ቢቃጠል ይሸፍናል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።
6. ካሜራው የደንበኛን ምስል ይቀርጻል ወይ? ከቀረጸ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከትዎታል፤ ለትንሽ ንግድ የዓመት ክፍያው ከየካቲት 2025 ወዲህ 52 ፓውንድ ነው።
7. በጠባቡ መተላለፊያ ዊልቼርና የሕፃን ጋሪ ያልፋል ወይ?

ከሁሉ በፊት የአንድ ወር ሙከራ ይጠይቁ። በዚያ ወር ዓርብ ማታና ቅዳሜ ስንት የተከፈለበት ሰዓት እንደቀነሰልዎ በወረቀት ይመዝግቡ። ሙከራ የማይሰጥ ሻጭ ዕቃውን ራሱም አላመነበትም ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዛሬ ያልወሰዱት ሮቦት በሚቀጥለው ዓመት ረክሶና ተሻሽሎ ይጠብቅዎታል። የፈረሙት ውል ግን አብሮዎት ይኖራል።

ማሳሰቢያ፦ በግል ስም የምትነግዱ ባለሱቆችና ባለታክሲዎች፣ ጠቅላላ ገቢያችሁ ከ50,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ከሚያዝያ 6 ቀን 2026 ጀምሮ ሂሳባችሁን በኮምፒውተር ይዛችሁ በየሦስት ወሩ ለግብር መሥሪያ ቤት መላክ ግዴታ ሆኗል። የሚታየው ትርፉ ሳይሆን ነዳጅና ኮሚሽን ሳይቀነስ የገባው ገንዘብ ነው። ከሚያዝያ 2027 ጀምሮ ደግሞ ወሰኑ ወደ 30,000 ፓውንድ ይወርዳል።

ቸር ይግጠመን።